በአነስተኛ ዋጋ ለቤት ቪዲዮ የሚሆን ካሜራ እንዴት እንምረጥ?



የትምህርት ቤት እረፍት ሲቃረብና ሰው ወደ አገር ቤት ለመሄድ ሻንጣውን ማዘጋጀት ሲጀምር ከወዳጆቼ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ብዙ ገንዘብ ሳላወጣ ጥሩ የቪዲዮ ካሜራ የትኛውን ልግዛ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ በአንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ይህን ትምህርት አዘጋጅቻለሁ።

ጥያቄው ተራ የዕቃ ግዢ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን የምናያቸው በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ ነው። የእናት ምርቃት፣ የአያት የድሮ ጨዋታ፣ የልጅ ክርስትና «እንደገና እንቅረጸው» የሚባል ነገር አይደለም። ተመልሰን መጥተን ቪዲዮውን ስንከፍተው ፊቱ የጠቆረ፣ ድምፁ የማይሰማ ሆኖ ከተገኘ የከሰርነው የካሜራውን ዋጋ ብቻ አይደለም። በሌላ በኩል ገንዘቡም በቀላሉ አይመጣም፤ በዓረብ አገር በወር ደመወዝ ለሚኖርና ለቤተሰቡ ለሚልክ ሰው ሁለት መቶ ዶላር ትልቅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ያለን ገንዘብ በየትኛው ነገር ላይ ቢውል ይሻላል የሚለውን አንድ በአንድ እንመልከት።

1. ስልካችሁ አይበቃም ወይ?

ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ በሐቅ መልሱት። በብርሃን በኩል ካየነው ደህና ስልክ ከርካሽ ካምኮርደር ይበልጣል። ምክንያቱ ሴንሰሩ ነው። ሴንሰር ማለት ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል ነው። በርካሽ ካምኮርደሮች ውስጥ በብዛት የሚገኘው «1/5.8 ኢንች» የሚባለው ሴንሰር ሲሆን በብዙ ስልኮች ውስጥ ያለው ደግሞ «1/2.55 ኢንች» ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነው። የታችኛው ቁጥር ሲያንስ ሴንሰሩ ይተልቃል። ሁለቱን በስፋት ስናነጻጽራቸው የስልኩ አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ማታ በሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ ለአምስት ደቂቃ ለመቅረጽ ከሆነ የፈለጋችሁት ስልካችሁ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን ለትራይፖድና ለማይክሮፎን አውሉት።

ካምኮርደር ስልክን የሚበልጠው በሚከተሉት ነው፦

- ለረጅም ሰዓት ይቀርጻል። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የማኅበር ጉባኤ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሲሄድ ስልክ ይግላል፣ ማስቀመጫው ይሞላል፣ በመሀል ይደወልበታል።
- ከሩቅ ያቀርባል። ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ መድረክ ላይ ያለችውን ልጃችሁን ፊቷን ለማየት እውነተኛ ዙም ያስፈልጋል።
- ባትሪውንና ካርዱን አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል።
- ስልክ መጠቀም ለማያውቁ አባትም ሆነ አክስት ለመያዝ ይቀላል፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መቅረጽ ነው።

«የፎቶ ካሜራ አለኝ፤ እሱም ቪዲዮ ይቀርጻል» የምትሉም ትኖራላችሁ። ይሠራል፤ ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። በአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ አሠራር 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ ይጠየቅበት ስለነበር፣ ብዙ አምራቾች የፎቶ ካሜራዎቻቸው 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሳቸው እንዲያቆሙ አድርገው ሠርተዋቸዋል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ተክላችሁ እናንተ ከእንግዳ ጋር ስትጨዋወቱ እሱ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

2. ዙም፦ ኦፕቲካል እንጂ ዲጂታል አትቁጠሩ

በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የዲጂታል ዙም ነው። ኦፕቲካል ዙም በሌንሱ ውስጥ ያሉት መስታወቶች ተንቀሳቅሰው ነገሩን ሲያቀርቡት ነው፤ ጥራቱ አይቀንስም። ዲጂታል ዙም ግን የተቀረጸውን ምስል መሀሉን ቆርጦ ማጉላት ነው። ይህንን ቤታችሁ በኮምፒውተር ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ገንዘብ አይከፈልበትም።

ሻጩን ሳትጠይቁ ራሳችሁ የምታረጋግጡበት መንገድ አለ። የሌንሱን ዙሪያ ተመልከቱ። በሚሊሜትር የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ለምሳሌ በሶኒ ኤችዲአር-ሲኤክስ405 ላይ የተጻፈው 1.9–57.0 ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉ 30 ይመጣል፤ ይህ እውነተኛው ኦፕቲካል ዙም ነው። በሌንሱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ከሆነ ካሜራው ኦፕቲካል ዙም የለውም፤ በሣጥኑ ላይ ምንም ቢጻፍ አትመኑ።

ለቤት ቪዲዮ 20 ጊዜ የሚያቀርብ ከበቂ በላይ ነው። 50 ጊዜ የሚያቀርብ ካሜራ በእጅ ተይዞ መጨረሻ ድረስ ከተሳበ ምስሉ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

3. ከመቅረብ ይልቅ መስፋት

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ምን ያህል ያቀርባል?» ብሎ ነው። ለእኛ ቤት ግን የሚጠቅመው «ምን ያህል ያሰፋል?» የሚለው ነው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቡና የምታፈላውን፣ ዙሪያውን የተቀመጡትን ጎረቤቶችና ፈንድሻውን በአንድ ላይ ለማስገባት ወደ ኋላ የምትሄዱበት ቦታ የለም፤ ግድግዳው ይይዛችኋል።

በመግለጫው ላይ «ከ35 ሚሊሜትር ጋር ሲነጻጸር» የሚል ቁጥር ፈልጉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያያል። የሶኒው ሲኤክስ405 ከ26.8 ሚሊሜትር ይጀምራል፤ የፓናሶኒክ ኤችሲ-ቪ180 ከ28፤ የካነን ኤችኤፍ አር800 ግን ከ38.5። የመጨረሻው ጥሩ ካሜራ ቢሆንም በጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ሁሉ ለማስገባት ያስቸግራል። 30ና ከዚያ በታች የሆነውን ምረጡ እላለሁ።

4. ብርሃን፦ የርካሽ ካሜራ ፈተና

የእኛ በዓላት ብዙዎቹ ማታ ወይም በቤት ውስጥ ናቸው። የትንሣኤ ሌሊት በጧፍ ብርሃን፣ የመስቀል ደመራ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ሠርጉ በአዳራሽ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ትንሽ ሴንሰር ያለው ካሜራ ምስሉን ለማብራት ሲታገል ጥቁሩ ቦታ ላይ እንደ አሸዋ የሚንቀሳቀስ ነጠብጣብ ያመጣል።

ገንዘብ ሳትጨምሩ ልታሻሽሉት የምትችሉበትን መንገድ ልንገራችሁ። በመግለጫው ላይ «ኤፍ 1.8–4.0» የሚል ነገር ታያላችሁ። ይህ የሌንሱ ቀዳዳ መክፈቻ ነው። ሌንሱ ሲሰፋ 1.8 ላይ ነው፤ ዙሙ መጨረሻ ሲደርስ 4.0 ላይ ይሆናል። ስሌቱ ሲሠራ መጨረሻ ድረስ ስታቀርቡ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ጨለም ባለ ቦታ ዙሙን ትታችሁ በእግራችሁ ቅረቡ። ቀን ከሆነ ደግሞ እናንተ መስኮቱን በጀርባችሁ አድርጉ፤ ሰውየው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዙር። መስኮት በሰው ጀርባ ከሆነ ካሜራው ውጭውን አይቶ ፊቱን ያጠቁረዋል።

5. መንቀጥቀጥ

የምስል ማረጋጊያ ሁለት ዓይነት ነው። ኦፕቲካል የሚባለው በሌንሱ ውስጥ ያለ መስታወት እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ በተቃራኒው እየሄደ የሚያስተካክል ነው። ኤሌክትሮኒክ የሚባለው የምስሉን ጠርዝ እየቆረጠ የሚያረጋጋ ነው፤ ስፋትን ይበላል። በሣጥኑ ላይ «ፀረ መንቀጥቀጥ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ሆኖም የትኛውም ማረጋጊያ ትራይፖድን አይተካም። ሽማግሌ አስቀምጣችሁ ታሪክ የምታስወሩ ከሆነ ርካሽም ቢሆን ትራይፖድ ይኑራችሁ።

6. ድምፅ፦ ብዙዎች የሚረሱት

ምስሉ ትንሽ ቢበላሽ ሰው ይታገሳል። ድምፁ ካልተሰማ ግን ቪዲዮው ዋጋ የለውም። አያታችሁ ስለ ልጅነታቸው የነገሯችሁን ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቻችሁ የሚሰሙት በዚህ ድምፅ ነው።

በካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰማል፤ ሲኒ ሲንኳኳ፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ ቴሌቪዥን ሲጮህ። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ማይክሮፎኑ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ዙም ምስልን እንጂ ድምፅን እንደማያቀርብ ያዙልኝ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የውጭ ማይክሮፎን የሚሰካበት 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ካሜራ መግዛት ነው። የካነኑ አር800 ይህ ቀዳዳም የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም አለው፤ የሶኒው ሲኤክስ405 የማይክሮፎን ቀዳዳ የለውም። ሁለተኛው ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፦ ሌላ ስልክ የድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋችሁ በሚናገሩት ሰው አጠገብ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ ሁለቱም መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ በእጃችሁ አጨብጭቡ። በኋላ በኮምፒውተር ስታቀናብሩ የጭብጨባውን ድምፅ ከምስሉ ጋር ማገጣጠም ነው።

ስለ ከበሮም አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራው የድምፅ መጠንን ራሱ ስለሚያስተካክል ከበሮ ሲመታ ሁሉንም ዝቅ ያደርገዋል፤ መዝሙሩ ወይም ዘፈኑ ይሰምጣል፤ ከበሮው ሲቆም ደግሞ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። በአንዳንድ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ የማይክሮፎኑን መጠን «ዝቅተኛ» ማድረጊያ አለ፤ ጭፈራና እስክስታ ከመጀመሩ በፊት ወደዚያ አዙሩት። ከቻላችሁም ከበሮው አጠገብ አትቁሙ።

7. ሃምሳ ወይስ ስልሳ? በውጭ ለምንኖር ልዩ ጉዳይ

ይህ ክፍል በተለይ ለእኛ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል በአሜሪካና በካናዳ በሰከንድ 60 ዙር ይሄዳል፤ በኢትዮጵያ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በኩዌትና በኳታር 50 ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከጎረቤቶቿ ተለይታ 60 ትጠቀማለች። ካሜራዎችም ለየገበያው በሰከንድ 30/60 ወይም 25/50 ፍሬም እንዲቀርጹ ሆነው ይሸጣሉ፤ ብዙ ርካሽ ካምኮርደሮች ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር አይቻልም።

ችግሩ የሚመጣው መብራት ላይ ነው። 50 ባለበት አገር የፍሎረሰንትና የርካሽ ኤልኢዲ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል፣ ይደክማል፤ ዓይናችን አያየውም። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚቀርጽ የአሜሪካ ካሜራ ግን ከዚህ ጋር ስለማይገጥም በቪዲዮው ላይ መብራቱ ሲርገበገብ ይታያል። ከሜሪላንድ የተገዛ ካሜራ አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሽ ሲገባ የሚያሳየው ይህን ነው።

ምን ይደረግ? በፀሐይ ብርሃን ችግር የለም። በቤት ውስጥ ግን የሹተር ፍጥነትን በእጅ ማስተካከል የሚያስችል ካሜራ ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ 1/100 ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 1/60 ወይም 1/120 ላይ አድርጉት፤ ርግብግቡ ይጠፋል ወይም በጣም ይቀንሳል። በጣም ርካሽ የሆኑት ይህን ማስተካከያ ብዙ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ካሜራውን የምትገዙት በዋናነት አገር ቤት ለመቅረጽ ከሆነና የምትኖሩት አሜሪካ ወይም ሳዑዲ ከሆነ፣ ሹተር በእጅ የሚስተካከልበትን ወይም 50ና 60 መቀያየር የሚችለውን ምረጡ። አውሮፓ፣ እስራኤል ወይም ዱባይ ያላችሁ አትጨነቁ፤ እዚያ የተገዛው ከአገር ቤት መብራት ጋር ይስማማል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ካሜራዎች ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው። ዋጋው ረክሶ ስታገኙት ምክንያቱን ጠይቁ።

8. ሜሞሪ ካርድ፦ ስሌቱን እንሥራ

የቪዲዮ ጥራት የሚለካው በሜጋቢት በሰከንድ ነው። ሜጋባይት ለማግኘት ለ8 አካፍሉ። እንግዲህ፦

- በ24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰከንድ 3 ሜጋባይት ይጠቀማል፤ በሰዓት 10.8 ጊጋባይት።
- በ50 ሜጋቢት የሚቀርጽ በሰዓት 22.5 ጊጋባይት።
- በ100 ሜጋቢት 4ኬ የሚቀርጽ በሰዓት 45 ጊጋባይት።

ከዚህ ተነሥታችሁ ለሦስት ሰዓት ሠርግ በ24 ሜጋቢት 64 ጊጋባይት ካርድ እንደሚበቃ ማወቅ ትችላላችሁ። በ4ኬ ግን 128 ጊጋባይት እንኳን ሦስት ሰዓት አይሞላም። ለዚህ ነው ለረጅም ዝግጅት 4ኬ አያስፈልግም የምለው፤ ቀረጻውን ለማስቀመጥና ለማቀናበር የሚያስፈልገው ኮምፒውተርም ሌላ ወጪ ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ «ክላስ 10» የተባለው ካርድ ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት መጻፍ አለበት፤ «ቪ30» የተባለው ቢያንስ 30። ለፉል ኤችዲ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ለ4ኬ ሁለተኛውን ግዙ።

ሐሰተኛ ካርድ በየገበያው ሞልቷል። ላዩ ላይ 256 ጊጋባይት ተጽፎበት ውስጡ 16 ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩም 256 ብሎ ያሳያችኋል፤ ከ16 በላይ የተቀረጸው ግን የለም። ካርድ እንደገዛችሁ ኤች2ቴስትደብልዩ በተባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ማክ ወይም ሊኑክስ ካላችሁ ኤፍ3 በተባለው ፈትሹት። ፕሮግራሙ ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነብበዋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከጉዞ በፊት መታወቁ ይሻላል።

እስከ 32 ጊጋባይት ያሉ ካርዶች አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ እንዲሆን አይፈቅዱም። ስለዚህ ረጅም ቀረጻ በበርካታ ፋይሎች ተቆራርጦ ብታገኙት አልተበላሸም፤ በማቀናበሪያ ፕሮግራም በተርታ ማያያዝ ነው። ኤቪሲኤችዲ በተባለው ዘዴ የሚቀርጽ ካሜራ ከሆነ ደግሞ ቪዲዮዎቹን ብቻ እየለቀማችሁ አትቅዱ፤ በካርዱ ላይ ያለውን ፎልደር በሙሉ እንዳለ ቅዱት። ተቆራርጠው የተቀመጡት ፋይሎች በትክክል የሚገጣጠሙበት መረጃ በሌሎቹ ፋይሎች ውስጥ ነው።

9. ባትሪና ጉዞ

በመግለጫ ላይ ሁለት የባትሪ ሰዓት ይጻፋል፤ «ያለማቋረጥ» እና «በተለመደ አጠቃቀም»። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ግማሽ ያህል ነው፤ እውነቱም እሱ ነው። መብራት ሊጠፋ ወደሚችልበት ቦታ ስትሄዱ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ባትሪ ይኑራችሁ። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚሆን ካሜራ ከሆነ ፓወር ባንክም ይረዳል።

ተጨማሪ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ያዙት። የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ፤ «100–240 ቮልት» ካለ ከአሜሪካ ለመጣ ሰው የሶኬት አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። «120 ቮልት» ብቻ ካለ ግን አገር ቤት ባለው 220 ላይ እንዳትሰኩት።

10. «4ኬ» እየተባለ የሚሸጠው

በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ካሜራዎች «4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል፣ 16 ጊዜ ዙም፣ ከነማይክሮፎኑ፣ ከነሪሞቱ» እየተባሉ በርካሽ ይቀርባሉ። ባለፈው አንድ ወዳጄ አንዱን አምጥቶ አብረን አየነው። ሌንሱ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ማለትም ኦፕቲካል ዙም የለም። ምስሉ 4ኬ ተብሎ ቢመዘገብም በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ስንቀርጽ ፊደሎቹ ከሱ ስልክ ፉል ኤችዲ ቀረጻ ይልቅ ደብዝዘው ታዩ። ይህ የሚሆነው ትንሹን ምስል በሶፍትዌር ዘርግተው ትልቅ ስለሚያስመስሉት ነው። የፒክስል ብዛት ይጨምራል፤ ዝርዝሩ ግን አይጨምርም።

የጋዜጣውን ፈተና እናንተም መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ገጽ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ከሁለት ሜትር ርቀት ቅረጹ፣ በኮምፒውተር ላይ አቁማችሁ ፊደሎቹን አንብቡ። እነዚህ ካሜራዎች ዋጋቸው ከታወቁት ካሜራዎች ያገለገለ ዋጋ ጋር ሲቀራረብ እያየን አዲስ ነው ብለን መግዛቱ አያዋጣም።

11. እንግዲህ የትኛውን?

በቅድሚያ ስለ በጀት፦ 300 ዶላር ካላችሁ የ300 ዶላር ካሜራ አትግዙ። 200 ያህሉን ለካሜራው፣ ቀሪውን ለካርድ፣ ለባትሪ፣ ለትራይፖድና ለማይክሮፎን መድቡ። ዋጋ ከአገር አገር ስለሚለያይ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን አዲስም ያገለገለም አነጻጽሩ።

ቀላልና ትንሽ ለሚፈልግ፦ ሶኒ ኤችዲአር-ሲኤክስ405። በ2015 የወጣ ነው፤ 30 ጊዜ ኦፕቲካል ዙም፣ ሰፊ ሌንስ፣ ኦፕቲካል ማረጋጊያ አለው፤ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የዩኤስቢ ገመዱ ከእጅ መያዣው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ አይጠፋም። ጉድለቱ ማይክሮፎን አለመቀበሉ ነው። ልጆችን፣ ጉዞን፣ ቀን የሚደረግን በዓል ለመቅረጽ ይሆናል።

ድምፅ ለሚያስቀድም፦ ካነን ኤችኤፍ አር800፤ በአውሮፓ ኤችኤፍ አር806 በሚል ስም ይሸጥ ነበር። 32 ጊዜ ኦፕቲካል ዙም፣ የማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው። ጉድለቱ ጠባብ ሌንሱ ነው። ለጉባኤ፣ ለስብከት፣ ለትያትር፣ ወላጅን አስቀምጦ ታሪክ ለማስወራት ጥሩ ነው።

ያገለገለ ለመግዛት ለማይፈራ፦ ፓናሶኒክ ኤችሲ-ቪ770። ሴንሰሩ 1/2.3 ኢንች ነው፤ 20 ጊዜ ኦፕቲካል ዙም፣ የማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው። በብርሃንም በድምፅም ከላይ ካሉት ሁለቱ ይሻላል። ትንሽ ጨምራችሁ የሶኒን ኤፍዲአር-ኤኤክስ53 ያገለገለ ካገኛችሁ ደግሞ ማረጋጊያው ሌንሱንና ሴንሰሩን አንድ ላይ የሚያንሳፍፍ ስለሆነ በእግር እየሄዱ ለመቅረጽ ይመቻል።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በተመሳሳይ ዋጋ አዲስ የታችኛ ደረጃ ካሜራና ያገለገለ መካከለኛ ደረጃ ካሜራ ካገኛችሁ ያገለገለውን ውሰዱ፤ ግን ፈትሻችሁ።

12. ያገለገለ ስትገዙ የምትፈትሹት

- ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ አሥር ደቂቃ ቅረጹና በላፕቶፕ ክፈቱት።
- ሌንሱን በብርሃን ፊት እዩት፤ ጭረት ወይም ሻጋታ የሚመስል ነገር ካለ ተዉት።
- ዙሙን ከጫፍ ጫፍ ውሰዱት፤ መንቀጥቀጥ ወይም የመፋቅ ድምፅ መኖር የለበትም።
- ሌንሱን ከድናችሁ ቅረጹ፤ በጥቁሩ ላይ የማይንቀሳቀስ ነጭ ወይም ቀይ ነጥብ ከታየ ሴንሰሩ ተጎድቷል።
- ስክሪኑን እያጠፋችሁ፣ እየከፈታችሁ፣ እያዞራችሁ ሞክሩት።
- ቻርጀሩና ባትሪው የራሱ መሆኑን፣ ባትሪው እንዳላበጠ እዩ።
- 50 ይሁን 60 ጠይቃችሁ በሜኑ ውስጥ አረጋግጡ።

13. ቀረጻው ካለቀ በኋላ፦ አማርኛው

ካሜራው ለፋይሎቹ የሚሰጠው ስም ከቁጥር ያለፈ አይደለም። በዚያው ብትተዉት ከአምስት ዓመት በኋላ የትኛው ምን እንደሆነ አታውቁትም። ግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ዛሬ ፋይሎችን በአማርኛ መሰየም ምንም ችግር የለውም።

የዘመን አቆጣጠሩን ግን አትቀላቅሉ። አንድ ሰው የጥር 11 ቀን 2017 ጥምቀትን «2017-05-11» ብሎ ቢሰይመው፣ ሌላው ሰውም ኮምፒውተሩም እንደ ፈረንጆቹ ሜይ 11 ቀን 2017 ያነቡታል። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የፈረንጆቹ ቀን በቁጥር፣ ቀጥሎ የእኛው በወር ስም፤ «2025-01-19 ጥር 11 2017 ጥምቀት»። ኮምፒውተሩ በቅደም ተከተል ያሰልፈዋል፤ ቤተሰቡም ያነበዋል።

በቪዲዮው ላይ አማርኛ ስትጽፉ ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ አትለጥፉ፤ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባሉትን ነፃ ፎንቶች ጫኑና በማቀናበሪያው ውስጥ እነሱን ምረጡ። ለማቀናበር ሾትከትና ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ ይገኛሉ፤ ማክ ያላችሁ አይሙቪ አላችሁ።

እዚህ ተወልደው አማርኛውን በሙሉ የማይረዱ ልጆች አሉን። አያታቸው የሚሉትን እንዲረዱ ከሥር የትርጉም ጽሑፍ ጨምሩላቸው። የትርጉም ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድም ይሠራል፤ ስታስቀምጡት ግን ኢንኮዲንግ በሚለው ቦታ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ። አለበለዚያ አማርኛው በጥያቄ ምልክት ይተካል።

14. ለቤተሰብ መስጠትና ማስቀመጥ

አገር ቤት ለቀሩት ቪዲዮውን በፍላሽ ስትሰጡ ቴሌቪዥናቸው የሚያነበው መሆን አለበት። ኤምፒ4 በኤች.264፣ ፉል ኤችዲ አድርጋችሁ አውጡት። ኤች.265 ቦታ ይቆጥባል፤ ብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ግን አይከፍቱትም። ፍላሹ በፋት32 ከተዘጋጀ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እያላችሁ ከፋፍሉት።

ለራሳችሁ ደግሞ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። ለምሳሌ አንዱ በላፕቶፕ፣ አንዱ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በወንድም ወይም በእኅት ቤት ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ። ካርዱን የምታጠፉት ቅጂዎቹን ከፍታችሁ መጫወታቸውን ካያችሁ በኋላ ነው።

በመጨረሻም ካሜራውን ከጉዞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግዙ። በቤታችሁ ማታም ቀንም ቅረጹበት፤ ድምፁን አዳምጡ፤ ባትሪው በትክክል ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለኩ። ሲገዙት ደረሰኙን ያዙ፤ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ጉድለቱ መታወቅ አለበት። አገር ቤት ስትደርሱም ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅረጹ፤ ከሁሉ አስቀድማችሁም በዕድሜ የገፉትን አስቀምጣችሁ ስማቸውን፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ከራሳቸው አንደበት አስነግሩ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ጭፈራው በኋላም ይደርሳል።

መልካም ቀረጻ!